ኦፕራሲዮን ቅንጦት አይደለም፣ ግዴታም አይደለም



ባለፈው ስብሰባ ስለ ወሊድ ድጋፍ የወጣውን ደንብ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ላልነበራችሁ ልድገመው። አባል ስትወልድ ከሣጥናችን ድጋፍ ታገኛለች። በኦፕራሲዮን ከወለደች ግን ድጋፉ የሚሰጣት ነገሩ «ድንገተኛ» ከሆነ ብቻ ነው። ቀድሞ ቀን ተቆርጦለት የሚደረግ ኦፕራሲዮን «በራሷ ፍላጎት ነው» ተብሎ ከሣጥኑ አይሸፈንም።

እኔ ይህን ደንብ እቃወማለሁ። እጄን አውጥቼ መናገር ጀምሬ ነበር፣ ሰዓት አልቆ ተበተንን። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ከመጪው እሁድ ስብሰባ በፊት አንብባችሁ ኑ።

ለራሴ ብር ፈልጌ እንዳይመስላችሁ። ክሮንስ የሚባል የአንጀት በሽታ ከያዘኝ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። እዚሁ ቤይሩት አንድ ልጅ ወልጃለሁ፣ የወለድኩትም በምጥ ነው። ኦፕራሲዮን አልተደረግሁም፣ ከሣጥኑም የምጠይቀው የለኝም። የምከራከረው ለሌላ እህት ነው። ስሟን አልጠራም፤ ጉዳይዋን ግን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እሷም እንደኔው ክሮንስ አለባት። ከእኔ የሚለያት አንድ ነገር ነው፤ በሽታው መቀመጫዋ አጠገብ ወጥቶ ፊስቱላ ሠርቶባታል። ሐኪሟ «ምጥ አይሆንሽም፣ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው» ብሎ ጽፎላታል። በእኛ ደንብ ግን ይሄ «በራሷ ፍላጎት» ሆነና ድጋፍ የለውም ተባለች።

በሽታውን ለማታውቁት

ክሮንስና አልሰረቲቭ ኮላይትስ ሁለት ወንድማማች በሽታዎች ናቸው። ሁለቱም አንጀት ያቆስላሉ። አልሰረቲቭ ኮላይትስ የሚይዘው ትልቁን አንጀት ነው። ክሮንስ ከአፍ ጀምሮ እስከ መቀመጫ ድረስ የትም ሊወጣ ይችላል። የሰውነት መከላከያ ራሱ አንጀትን እንደ ጠላት ይዋጋል። ተቅማጥ፣ ደም፣ የሆድ ቁርጠት፣ መክሳት፣ የማይለቅ ድካም ያመጣል። ይተኛል፣ ደግሞ ይነሳል። በመተንፈስም፣ በምግብም፣ በአንድ ሽንት ቤት በመጠቀምም አይተላለፍም። ይህን ለማዳሞቻችሁም ንገሩልኝ፤ ሳህን የሚለዩብን አሉና።

አገር ቤት እያለን አብዛኞቻችን ስሙን አልሰማንም። ሆዳችንን ሲያመን አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው፣ ጨጓራ ነው ተብለን እንክብል ተሰጥቶን እንሄዳለን። የአንጀት ቲቢም ከክሮንስ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ሐኪሞችም እስኪለዩት ይቸገራሉ። መቀመጫ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ደግሞ በእኛ ቋንቋ ኪንታሮት ነው። ኪንታሮት ተብሎ ዓመት ሙሉ የተሸፈነ ነገር ፊስቱላ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ፊስቱላ ስል ደግሞ ብዙዎቻችሁ ሌላ ነገር ትዝ ይላችኋል። እኛ ፊስቱላን የምናውቀው ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ በ1974 በፈረንጆች አቆጣጠር አዲስ አበባ ከከፈቱት ሆስፒታል ነው። ያ ምጥ ቀናት ሲፈጅባት የሴትን ማህፀንና ፊኛ የሚቀድደው ፊስቱላ ነው። የክሮንስ ፊስቱላ ምንጩ ሌላ ነው። ቁስሉ ከአንጀት ተነስቶ እንደ ቦይ ራሱን እየቆፈረ በመቀመጫ አካባቢ በቆዳ ይወጣል፤ መግል ይይዛል፣ ያፈሳል። አንዳንዴ ወደ ሴት ብልት ይከፈታል። ሐኪም መግሉ እንዲወጣ ክር ያስገባበታል። እህታችን ይኸው ክር አሁን አለባት። ከክሩ ጋር ነው ደረጃ የምታጥበው።

የቱ ለማን ነው?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እንዲህ ያለ የአንጀት በሽታ ያለባት ሴት እንዴት ትውለድ? የአውሮፓም የአሜሪካም የአንጀት ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያ በዋናው ነገር አንድ ነው። እኔ ሦስት ሐኪም ጠይቄ የሰማሁትም ይኸንኑ ነው።

አንደኛ፣ ክሮንስ ወይም ኮላይትስ ስላለባት ብቻ ማንም ሴት ኦፕራሲዮን አይገባትም። በሽታው ከተኛና መቀመጫዋ አካባቢ ቁስል፣ እባጭ፣ ፊስቱላ ከሌለ እንደማንኛዋም ሴት በምጥ ልትወልድ ትችላለች። ኦፕራሲዮን የምትደረገው ሌላዋም ሴት በምትደረግበት ምክንያት ነው፤ ልጁ ከተጋደመ፣ እንግዴ ልጁ መውጫውን ከዘጋ፣ የልጁ ልብ ከደከመ፣ ምጡ ከቆመ።

ሁለተኛ፣ መቀመጫዋ አካባቢ አሁን የሚያመረቅዝ ክሮንስ ያለባት፣ መግል የያዘ እባጭ ወይም የሚያፈስ ፊስቱላ ያለባት ሴት በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ይመከራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጅ ሲወጣ ያ አካባቢ ሊቀደድ ይችላል። ጤነኛ ሥጋ ቢቀደድ ይሰፋል፣ ይድናል። በክሮንስ የቆሰለ ሥጋ ግን አይገጥምም፤ አዲስ ፊስቱላ ሊሆንም ይችላል። መቅደዱ ሰገራ የሚይዘውን ጡንቻ ከነካ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሁሌ ተቅማጥ ያለባት ሴት ያ ጡንቻ ከሄደባት ምን እንደሚሆን አስቡት። እንኳን በሰው ቤት፣ በገዛ ቤቷም መኖር ይከብዳታል።

ሦስተኛ፣ ትልቁ አንጀቷ ወጥቶ ከትንሹ አንጀት ውስጥ ከረጢት የተሠራላት ሴት አለች። እሷም ሰገራ የምትይዘው በዚያው ጡንቻ ስለሆነ ከቀዶ ሐኪሟ ጋር ለብቻዋ መመካከር አለባት፤ ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን ይታሰብላታል። ሆዷ ላይ የሚለጠፍ ከረጢት ያላት ግን በዚያ ምክንያት ብቻ ምጥ አይከለከልባትም።

በፊት ፊስቱላ ኖሯት የዳነላትስ? እሷ በምርመራ ነው የሚለይላት። መዳኑ ይታይ፣ ከዚያ ይወሰን።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ «ድንገተኛ» የሚል ቃል አለ? የለም። የእህታችን ኦፕራሲዮን ዋጋ ያለው ምጥ ሳይጀምር በፊት፣ በተቆረጠ ቀን ሲደረግ ነው። ደንባችን ደግሞ የሚከለክለው ይኸንኑ ነው። ከመካከላችን አንዷ «ዝም ብለሽ ምጥ እስኪመጣ ጠብቂ፣ ያኔ ድንገተኛ ይባልልሻል፣ ሣጥኑም ይከፍልልሻል» ብላ መክራታለች አሉ። በክፋት አይደለም፣ ልትረዳት ፈልጋ ነው። ግን ምን ዓይነት ደንብ ነው እህትን አደጋው እስኪደርስ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ የሚያሰኝ? የሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ አይደል?

ለገንዘብ ያዣችን መልስ

ገንዘብ ያዣችንን አከብራቸዋለሁ። ሣጥኑን ከባዶ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ያሉትም ውሸት አይደለም። ሣጥኑ ትንሽ ነው፤ በየወሩ የምናዋጣው ከደሞዛችን ተቀንሶ ነው፤ የኦፕራሲዮን ወጪ ከምጥ ወሊድ ይበልጣል፤ ሆስፒታሉ በር ላይ መያዣ ሳትከፍሉ አያስገባም። «ምጥ ፈርታ ኦፕራሲዮን የምትመርጥ ሁሉ ከመጣች ለሞተችብን እህት አስከሬን መላኪያ እንኳ አይተርፍም» ብለዋል። ጭንቀታቸው ይገባኛል።

ግን እትዬ፣ ስሌቱን አብረን እንሥራው። ቀን ተቆርጦለት የሚደረግ ኦፕራሲዮን ዋጋው ቀድሞ ይታወቃል። ሆስፒታል ማማረጥ ይቻላል። ሁለት ሦስት ወር ሲቀረው ማዋጣት ይቻላል። በሌሊት፣ ምጥ ተይዞ፣ ያገኙት ሆስፒታል ተገብቶ የሚደረገው ግን ያሉትን መክፈል ነው። ከዚያ በኋላ የተቀደደ ፊስቱላ ቢመጣ ደግሞ ተደጋጋሚ ቀዶ ጥገና ነው፣ ሥራ ማጣት ነው፣ ዳይፐር ነው። ያን ጊዜስ ለማን ልትለምን ነው? ወደዚሁ ሣጥን ትመጣለች። ወይም ከሃፍረት የተነሳ ወደ ማንም አትመጣም።

ደግሞ ከሣጥኑ ብር ማትረፍ ከፈለግን መንገዱ ሌላ ነው። የማያስፈልገውን ኦፕራሲዮን እናስቀር። ይሄን ስል ከእኔው የደረሰ ነገር ስላለ ነው። ሳረግዝ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ክሮንስ አለብኝ ስል ሐኪሙ ሳይመረምረኝ «ቀይሰሪየ» አለና ቀን ጻፈልኝ። ቀይሰሪየ በአረብኛ ኦፕራሲዮን ማለት ነው፤ በምጥ መውለድ ጠቢዒየ ነው፤ ሁለቱን ቃል ያዙ። «ለምን?» አልኩት። «አንጀትሽ ታማሚ ነዋ» አለኝ። ወደ አንጀት ሐኪሜ ሄድኩ። እሱ መረመረኝና መቀመጫዬ አካባቢ ምንም እንደሌለ፣ በሽታውም እንደተኛ አንድ ገጽ ጻፈልኝ። ያን ወረቀት ይዤ ሌላ ሆስፒታል ሄድኩ፣ በምጥ ወለድኩ። አንድ የአንጀት ሐኪም ምርመራ ከአንድ ኦፕራሲዮን ጋር ዋጋው አይወዳደርም። ሣጥኑ መጀመሪያ መክፈል ያለበት ለዚያ ወረቀት ነው።

«ታማሚ ነሽ፣ ተቆረጪ» ለምትሉ

ከእኛው ውስጥ ደግሞ ሌላ ወገን አለ። ኦፕራሲዮን ዘመናዊ ነው፣ አያሰቃይም፣ ለታማሚ ሴት የሚሻለው እሱ ነው የምትሉ። እናንተንም ልሟገታችሁ።

ኦፕራሲዮን ሆድ መቅደድ ነው። ብዙ ሴት ነፍስ አትርፏል፣ እሱን ማንም አይክድም። አገራችን ላይ በ2016 በፈረንጆች በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በኦፕራሲዮን የተወለዱት ከመቶ 2 ብቻ ነበሩ፤ ይሄ ማለት የሚያስፈልጋት ብዙ ሴት አላገኘችውም ማለት ነው። ግብጽ ደግሞ በ2021 ከመቶ 72 ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ያወጣው መግለጫ በአንድ አገር ከመቶ 10 በላይ ሲሆን የእናትና የልጅ ሞት ይቀንሳል የሚል ማስረጃ የለም ይላል። እንግዲህ ከመቶ 2ም ከመቶ 72ም ለሴቲቱ ታስቦ የተደረሰበት ቁጥር አይደለም። አንዱ ጋ ሐኪም የለም፣ ሌላው ጋ የሐኪሙ ሰዓትና የሆስፒታሉ ገቢ ይወስናል።

የአንጀት በሽታ ላለባት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከዚህ በፊት አንጀቷ የተቆረጠ ሴት ሆዷ ውስጥ ሥጋ ከሥጋ ተጣብቆ ሊገኝ ስለሚችል ኦፕራሲዮኑ ይከብዳል። ክሮንስና ኮላይትስ ያለባት ሴት ደሟ በደም ሥር ውስጥ የመርጋት ዕድሉ ከሌላው ከፍ ያለ ነው፤ እርግዝና ይጨምረዋል፣ ኦፕራሲዮን ደግሞ ይጨምረዋል። ሁለተኛና ሦስተኛ ልጅ ለሚያስቡ ደግሞ በየኦፕራሲዮኑ እንግዴ ልጅ ጠባሳው ላይ የመጣበቅ አደጋው ያድጋል።

ከሁሉም በላይ ሥራችንን አስቡ። ኦፕራሲዮን የተደረገች ሴት ለሳምንታት ከልጇ የከበደ ነገር አታንሳ ነው የሚባለው። እኛ ምንድነው የምናነሳው? ምንጣፍ፣ የውሃ ጋሎን፣ የማዳምን እናት ከአልጋ። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የ1946ቱ በሰባተኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ አውጥቷታል፤ የወሊድ ፈቃድ የሚባል ለእኛ የለም። ቆርጣ የምታርፍበት ቤት ያላት ስንቷ ናት? የሚያስፈልጋት ትቆረጥ፣ ደግፈን እናሳርፋት። የማያስፈልጋትን ግን «ዘመናዊ ነው» ብላችሁ አትግፏት።

«በምጥ ያልወለደች ሴት» ለምትሉም

ሦስተኛ ወገን አለ፣ ለእሱ አጭር መልስ አለኝ። እገሊት በምጥ ወለደች፣ እንትና ግን ተቀደደች እያላችሁ የሴትን ጉብዝና በምጥ የምትለኩ፣ ተዉት። እህታችንን «ትንሽ ጠንከር በይ፣ እናቶቻችን በቤታቸው ነው የወለዱት» ያላት ሰው አለ። እናቶቻችን በቤታቸው ወለዱ፤ የሃምሊን ሆስፒታል ደጃፍ የተሰለፉትም እነዚያው እናቶቻችን ናቸው። ስምንት ወር ሙሉ ቁስሏን ከነክሩ ተሸክማ በእግሯ የምትቆም ሴት ጥንካሬ አላነሳትም።

የሚወስነው ማነው?

ኦፕራሲዮን ወይስ ምጥ የሚለውን ማዳም አትወስንም። ሚስተርም አይወስንም። ቢሮውም፣ ደላላውም፣ ባልም፣ ማኅበራችንም አይወስንም። ማዳም ለጉዞዋ እንዲመች ቀን ያስቆረጠችባት እህት አለች፤ ወጪ በዛ ብላ ኦፕራሲዮን ያስቀረችባትም አለች። ሊባኖስ በ2004 ያወጣችው የታካሚዎች መብት ሕግ፣ ቁጥሩ 574፣ ታካሚ ስለ ሕመሙና ስለ ሕክምናው ሊነገረው፣ ፈቃዱም ሊጠየቅ ይገባል ይላል። ታካሚዋ አንቺ ነሽ። የምትፈርሚውም አንቺ ነሽ። ወረቀቱ በአረብኛ ከሆነ ሳይነበብልሽ አትፈርሚ። ከቋንቋ የሚረዳሽ ሰው ማዳም እንዳትሆን፤ ከእኛ አንዷ ትሂድ።

በባህረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ እህቶች ይሄን ስታነቡ «የእኛስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እናንተ ጋ ሆስፒታል የጋብቻ ወረቀት የሚጠይቅበት አገር አለ። ነገሩ ከኛም ይከብዳል። ስለዚህ ነው ገና ከመጀመሪያው ወር ለታመነ ሰው መንገር፣ አገር ገብቶ መውለድ የሚሻል ከሆነም በጊዜ ማሰብ የሚያስፈልገው። እርግዝናው ከገፋ አውሮፕላንም ላያሳፍር ይችላል።

መድኃኒት ማቆም መፍትሔ አይደለም

እንዴት እንደምንወልድ የሚወስነው የበሽታው መተኛትና መነሳት ነው ብያለሁ። የሚያስተኛው ደግሞ መድኃኒቱ ነው። ብዙዎቻችን እርግዝናውን ባወቅን ማግስት መድኃኒት እንወረውራለን፤ «ልጁን ይጎዳዋል» ተብለን። ከመድኃኒቱ ይልቅ ልጁን የሚጎዳው የተነሳ በሽታ ነው፤ ያለ ጊዜው መወለድና ክብደት ማነስ ያመጣል።

ሜሳላዚን፣ አዛታዮፕሪን፣ በመርፌ የሚሰጡት ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ በእርግዝና ጊዜ በሐኪም ክትትል ይቀጥላሉ። ሰልፋሳላዚን የምትወስድ ከፍ ያለ ፎሊክ አሲድ ያስፈልጋታል። የሚከለከለው ሜቶትሬክሴት ነው፤ እሱ ጽንስ ያበላሻል፣ ከማርገዝ በፊት ወራት ቀድሞ መቆም አለበት። ኮርቲዞን ደግሞ በድንገት አይቆምም። ስለዚህ ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሪ ምንም አታቁሚ፣ ምንም አትጀምሪ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልንገራችሁ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በጣም አስፈላጊ ነውና። ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ልጁ ያልፋሉ፣ ከተወለደም በኋላ ለወራት ደሙ ውስጥ ይቆያሉ። አገራችን ላይ ደግሞ ልጅ እንደተወለደ የቢሲጂ ክትባት ይሰጠዋል። ቢሲጂ ሕያው ክትባት ነው። መድኃኒቱ በደሙ ያለ ሕፃን ቢወስደው ሊገድለው ይችላል፤ እንዲህ ሞቶ የተመዘገበ ሕፃን አለ። ቢያንስ ስድስት ወር፣ አንዳንዱ መመሪያ እንደሚለው ዓመት ይቆይለት። ልጅሽን ይዘሽ አገር ስትገቢ፣ ወይም ልጁን ለእናትሽ ስትልኪ፣ ጤና ጣቢያው ይህን ካልነገርሽው አያውቅም። በወረቀት አጽፈሽ ያዢ።

ከወሊድ በኋላም ለሕመም ቮልታረንና ኢቡፕሮፌን ሲሰጡሽ የአንጀት በሽታ እንዳለብሽ ተናገሪ፤ በሽታውን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ፣ ሌላ ማስታገሻ አለ።

መደበቅን በተመለከተ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። አውቃለሁ፣ ለማዳም መንገር ማለት ሥራ ማጣት ሊሆን ይችላል። ለማዳም ንገሩ አላልኩም። ለማህፀን ሐኪማችሁ ግን ንገሩ። «መቀመጫዬ አጠገብ የሚያፈስ ነገር አለ» ማለት ያሳፍራል፤ እርጉዝ ሴት ሲመረምሩ ደግሞ ከኋላ ማንም አያይም፣ ካልተነገረ። ቃሉን በአረብኛ ላስይዛችሁ። ፊስቱላ ናሱር ነው። መግል የያዘ እባጭ ኹራጅ ነው። ናሱርን ከናዱር እንዳታምታቱ፤ ናዱር አንጀት የሚያዩበት መሣሪያ ነው። አንዷ እህታችን ናሱር አለብኝ ልትል ናዱር ብላ «መቼ ታየሽ?» እየተባለች ሰዓት ሙሉ ተከራክራለች።

ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁት። መቀመጫዬን መርምረህ ምን አገኘህ? በሽታዬ አሁን ተኝቷል ወይስ ተነስቷል? ከአንጀት ሐኪሜ ጋር ተነጋግራችኋል? በምጥ ከሆነ ደግሞ ማለፊያው በመቀስ እንዳይሰፋ፣ የግድ ካልሆነ በቀር፣ ቀድማችሁ ንገሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በልማድ ብቻ መቁረጥን አይደግፍም፤ ክሮንስ ላለባት ደግሞ ቁስሉ ያለመዳን አደጋ አለው።

እሁድ የማቀርበው

ደንቡ ይሰረዝ ብቻ ብዬ አልቀመጥም፤ የሚተካውን ጽፌ እመጣለሁ። አንደኛ፣ «ድንገተኛ» የሚለው ቃል ይውጣና «በሐኪም ምክንያቱ ተጽፎ የታዘዘ» ይባል። ምክንያት የሌለው ወረቀት፣ «ቀይሰሪየ» ብቻ የሚል፣ አይበቃም። ሁለተኛ፣ የቆየ በሽታ ያለባት እርጉዝ አባል በሙሉ፣ የአንጀትም ይሁን የልብ፣ የበሽታዋን ሐኪም አንድ ጊዜ እንድታይ ሣጥኑ ይክፈል። ሦስተኛ፣ አረብኛ የምትችል አንዲት አባል አብራት ትሂድ፤ ተራ እናውጣ፣ የመጀመሪያውን ተራ እኔ እወስዳለሁ።

ለእህታችን ደግሞ ደንቡ እስኪጸድቅ መጠበቅ አይቻልም። ሆዷ አይጠብቅም። ቀኑ ከመቆረጡ በፊት መያዣው መገኘት አለበት። እኔ የአንድ ወር እቁቤን እሰጣለሁ። ሣጥኑ ቀሪውን ይሙላ ብዬ ነው እጄን የማወጣው። የምትቃወም ካለች ደግሞ ፊት ለፊት ትቃወመኝ፤ እህታችን ግን ከኛ ስብሰባ ፊት ቆማ ስለ መቀመጫዋ እንድታስረዳ አንጠይቃትም። የሐኪሙ ወረቀት አለ፣ እሱ ይነበብ።

እሁድ ከሰዓት በተለመደው ቦታ እንገናኝ። እረፍት የማይሰጣችሁ ድምፃችሁን በስልክ ላኩ።

እህታችሁ፣ ከቡርጅ ሐሙድ